ቶሎ የማይጨርስ ጠበቃ

ጠበቃ ዊክራማሱሪያ ሲሞቱ ሱማናዳሳ ለቅሶ ቤት ድረስ ሄዶ እንባውን አፈሰሰ። ያየው ሁሉ ተገረመ። ሰውዬው ሥጋ ዘመዱ አይደሉም፤ ለበዓል እንኳ ጠርተውት አያውቁም። መጀመሪያ አባቱ፣ ኋላም እሱ ራሱ በየቀጠሮው ሲከፍላቸው የኖሩ ሰው ናቸው።

«አንተ፣ ለሳቸው ነው ወይስ ለገንዘብህ ነው የምታለቅሰው?» አለው አጠገቡ የተቀመጠ ጎረቤቱ በሹክሹክታ።

ሱማናዳሳ እንባውን ጠረገ። ቢናገርስ ማን ያምነዋል? ጠበቃው ከሌሉ ክሱ መሞቱ ነው፤ ክሱ ከሞተ ደግሞ ሊላዋቲን የሚያይበት ቀን መቅረቱ ነው።

ሱማናዳሳ የመንግሥት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዌላጎዳ በምትባል የስሪላንካ የባሕር ዳር መንደር መምህርት ከሆነችው ልጁ ከናያና ጋር የሚኖር ሰው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት የኮኮናት መሬት አለ። ከመሬቱ ማዶ የሊላዋቲ ቤት ነው። መሬቱ የሁለቱ ቤተሰቦች የጋራ ነበር፤ ግማሹን የሱማናዳሳ አባት ከእህቶቻቸው ጋር ወርሰውታል፣ ግማሹን የሊላዋቲ አባት ገዝተውታል፤ ድንበር ግን ተበጅቶለት አያውቅም። ሁለቱ አባወራዎች ኮኮናቱን በየተራ እያስለቀሙ፣ መሃሉ ላይ ካለው ጉድጓድ ውሃ እየቀዱ በሰላም ኖሩ።

በዚያ ዘመን ሱማናዳሳ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ሊላዋቲ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እሱም የሚታጠብ ፊት አያጣም። «ሱማና አይያ» ነበር የምትለው። አይያ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ ነገር ግን አንዲት ልጃገረድ የማይዛመዳትን ጎረምሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይያ» ካለችው ወንድምነቱን ማለቷ እንዳልሆነ በመንደሩ የማያውቅ የለም። እናቶቻቸው አወቁ፤ አባቶቻቸውም ሰሙ። ኮከብ ቆጣሪ ተጠርቶ የሁለቱን ኮከብ አስተያየና «ይስማማል» አለ።

የአባቶቻቸው ኮከብ ግን አልተስማማም። አንድ ወቅት የሊላዋቲ አባት ለቃሚዎች ያለ ተራቸው ገብተው ኮኮናት አወረዱ ተባለ። «ሌባ» የሚል ቃል ወጣ፤ «ሌባስ አባትህ» የሚል ተመለሰ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። የመንደሩ መነኩሴ ገሠጹ፣ ሰሚ አላገኙም። በመጨረሻ የሱማናዳሳ አባት «ድርሻዬን ፍርድ ቤት ለይቶ ይስጠኝ» ብለው ከሰሱ። ዳኛውም ፍርድ እስኪሰጥ ከሁለቱም ወገን ማንም መሬቱን እንዳይረግጥ አገዱ። ጉድጓዱን ሣር ዋጠው። ሊላዋቲን ሩቅ ተራራማ አገር ላለ ጸሐፊ ዳሯት። ሱማናዳሳም ካሩናን አገባ፤ ደግ ሴት ነበረች፤ ተከባብረው ኖሩ።

የመሬት ክፍፍል ክስ እንደ ሌላው ክስ አይደለም። ከባለድርሻዎቹ አንዱ በሞተ ቁጥር ወራሾቹ ተፈልገው በሟቹ ቦታ እስኪተኩ መዝገቡ ይተኛል። አክስት ትሞታለች፤ ልጆቿ ይፈለጋሉ፤ ከልጆቿ አንዱ መርከበኛ ሆኖ የገባበት አይታወቅም። ዳኛ ይቀየራል። ቀያሽ ይታመማል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለቱም አባቶች ሞቱና ክሱ ለልጆች ወረደ። ከሳሽ ሱማናዳሳ ሆነ። ተከሳሽ ደግሞ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው ሊላዋቲ።

ፍርድ ቤቱ ከተማው መሃል ባለች ጉብታ ላይ ነው፤ ረጅም የድንጋይ ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሱማናዳሳ ደረጃውን ጨርሶ ቀና ሲል፣ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ነጭ ሳሪ ለብሳ ተቀምጣ አያት። ጸጉሯ ሸብቷል። አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትቀመጠው አቀማመጥ ግን ያው ነው። ሊጠጋ ሲል ጠበቃ ዊክራማሱሪያ ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «ከተቃራኒ ወገን ጋር አንዲት ቃል እንዳትለዋወጥ፤ ነገር ታበላሻለህ» አሉት። ታዘዘ። ለእሷም ጠበቃዋ ይህንኑ ሳይላት አልቀረም።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ጥቂት ጊዜ፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣ በመካከላቸው ሌላ ባለጉዳይ ተቀምጦ፣ እስኪጠሩ ይጠብቃሉ። ለሰርግ መጥሪያ ታስቦ የነበረው የሁለቱ ስም በችሎት አስከባሪው ጎርናና ድምፅ አብሮ ይጠራል። አብረው ይገባሉ፤ አብረው ይቆማሉ፤ ዳኛው «ለሌላ ቀጠሮ» ይላሉ፤ አብረው ይወጣሉ። ሌላው ባለጉዳይ ቀጠሮ ሲባል ዳኛውን በሆዱ ይረግማል። ሱማናዳሳ ይመርቃል። በመንደርማ እንዳይገናኙ መሬቱ የታገደ ነው፤ የሰው ዓይንም አለ፤ እሷም ከተማ የምትሄደው በላይኛው መንገድ ነው።

ካሩና ነገሩን ሳታውቅ አልቀረችም። የቀጠሮ ቀን ጢሙን ደጋግሞ ሲላጭ እያየች «ለጠላት ይህን ያህል ማማር ምን ይሉታል?» ትለው ነበር፤ በክፋት ግን አልነበረም። እሷ የሞተች ዓመት ከችሎት ሲወጡ ሊላዋቲ አጠገቡ ስትደርስ፣ ፊቷን ሳታዞር «ሰማሁ። እጅግ አዘንኩ» አለችው። በዚያ ሁሉ ዘመን የተነጋገሩት ይኸው ብቻ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ናያና ለአባቷ ሻይ አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ታታ፣ አሁንስ በቃ በለን።»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል እንዴ! ክሱን ነዋ። ሰውዬው ሞቱ፤ ክሱም አብሯቸው ይሙት።»

«የአያትሽን ክስ ሜዳ ላይ ልጣለው?»

«አያቴ የተዉልን ክስ ብቻ ነው? የእናቴ አምባር የት ገባ? የጓዳው ጣሪያ ስንት ክረምት ነው የሚያፈሰው? ያ ሁሉ የገባው ጠበቃ ኪስ ነው። በዚያ ገንዘብ መሬቱን መልሰን መላልሰን በገዛነው ነበር።»

እውነቷን ነው። አምባሩን ካሩና ራሷ ናት ከእጇ አውልቃ የሰጠችው፤ ይህ ሲነሳ ሱማናዳሳ የሚገባበት ያጣል። ሻዩን ፉት አለና «እስቲ ጠይቄ ልምጣ። መጠየቅ አያስከፍልም» አላት።

«ጠበቃ ጠይቆ ሳይከፍል የወጣ ሰው ካለ አሳየኝ» አለች ናያና ብርጭቆውን እያነሳች።

መጀመሪያ የሄደው ጠበቃ ሩፓሲንሃ ዘንድ ነው። በከተማው የታወቁ ናቸው፤ ቢሯቸው በማቀዝቀዣ ይቀዘቅዛል፤ ባለጉዳይ ሲገባ ቀና አይሉም። መዝገቡን በጣታቸው ጫፍ ገለጥ አድርገው ዋጋቸውን ተናገሩ፤ መዝገቡን ለመቀበል ይህን ያህል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ይህን ያህል፣ ዳኛ ቢቀሩም ባይቀሩም።

«መቼ ያልቃል፣ ጌታዬ?» አለ ሱማናዳሳ።

«ይኼ?» አሉ ሳቅ ብለው። «ይኼማ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል።»

ሱማናዳሳ ደስ አለው፤ በደስታው መሃል ግን ዋጋውን በልቡ ሲያሰላ ደነገጠ። አንዱ ቀጠሮ ብቻ የአንድ ወር ጡረታውን ጠርጎ ይወስዳል። ጣሪያው ትዝ አለው። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ቀጥሎ ሰዎች የጠቆሙት ታራንጊ የምትባል ወጣት ጠበቃ ነበረች። ከሳሪ መሸጫ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ጠረጴዛዋ መዝገቡን አልችል ቢላት ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ዘርግታ ታነብ ጀመር። ሱማናዳሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሕይወቱ ወረቀቶች መሬት ላይ ሲነጠፉ ያያል።

«አባቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ይህ ክስ ካለቀ ቆይቷል እኮ!»

«እንዴት ሆኖ?»

«የቀሩት ወራሾች ሞተዋል ወይም ሰልችቷቸው ድርሻቸውን ለሁለታችሁ ትተዋል። ከእርስዎና ከእኚህ ሴትዮ በቀር ተከራካሪ የለም። ድርሻው እኩል መሆኑንም ማንም አልካደም። ቀያሽ ይሄዳል፣ መስመር ያወጣል፣ ትፈርማላችሁ፣ ዳኛው ያጸድቃሉ። በሁለት ቀጠሮ እጨርስልዎታለሁ።» ዋጋዋንም ነገረችው። ለሟቹ በአንድ ዓመት ይከፍል ከነበረው ያነሰ ነው።

«ሁለት ቀጠሮ ብቻ?»

«ሁለት።»

ሱማናዳሳ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «ልጄ... ትንሽ ቀስ የሚል መንገድ አይኖርም?»

ታራንጊ ካለችበት ቀና ብላ አየችው። «ሰው ሁሉ ቶሎ ጨርሽልኝ እያለ ነው የሚለምነኝ። እርስዎ ከዚህ ክስ ምን ማግኘት ነው የሚፈልጉት? መሬት ነው? ገንዘብ ነው?»

ሱማናዳሳ ዓይኑን ወለሉ ላይ ወደተነጠፉት ወረቀቶች መለሰ። እሷም ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም በጣቷ ነክታ «ተከሳሿን ያውቋቸዋል?» አለችው።

«በዓይን» አለ ሱማናዳሳ።

የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ሁለቱንም ጠበቆች አልያዘም። አንዱ አቅሙን ይጨርሳል፤ አንዷ ክሱን ትጨርሳለች። ናያና በየቀኑ ትጠይቀዋለች፤ እሱ «ነገ፣ ነገ» ይላል። በመጨረሻ ያለ ጠበቃ ሄዶ ጊዜ ለመለመን ወሰነ። ጊዜ ከተሰጠው ያው አንድ ቀጠሮ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያኔ ያስቡበታል።

ስማቸው ተጠርቶ ገቡ። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ መዝገቡን በሁለት እጃቸው ብድግ አድርገው አስቀመጡት።

«የከሳሽ ጠበቃ?»

«ሞተውብኛል፣ ክቡር ዳኛ» አለ ሱማናዳሳ።

የሊላዋቲ ጠበቃ ፈጠን ብሎ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ ከሳሽ ሌላ ጠበቃ ለማቆም በቂ ጊዜ ነበራቸው። ይህ ክስ ዕድሜ ልክ ተጓትቷል። መዝገቡ እንዲዘጋ—»

ንግግሩን አልጨረሰም። ሊላዋቲ የካባውን ጫፍ ይዛ ጎተተችው፤ እሱ ዞር ሲል እሷ ተነሳች።

«ክቡር ዳኛ፣ ጊዜ ይሰጠው።»

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እማማ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?»

«ተከሳሽ ነኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ጠበቃዋ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ጠበቃው ሞቶበታል። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ማጣደፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው» አለች። ዳኛው ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ቀጠሮ ሰጡ፤ ነገር ግን ወይ ጠበቃ፣ ወይ ስምምነት ይዘው እንዲቀርቡ አስጠነቀቁ።

ሱማናዳሳ ሲወጣ እግሩ መሬት የረገጠ አልመሰለውም። ሊላዋቲ ከደረጃው አናት ላይ የብረት መደገፊያውን ጨብጣ ቆማለች። የሚከለክለው ጠበቃ ዛሬ የለም። አጠገቧ ቆመ።

«ጠበቃ አገኙ?» አለችው ወደ ከተማው እየተመለከተች።

«‹አገኙ› አልሽኝ? እኔን?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? ከሳሼ ነህ።»

«ሁለት አይቻለሁ። አንዱ ውድ ነው፤ አይጨርስም። አንዷ ርካሽ ናት፤ በሁለት ቀጠሮ እጨርሳለሁ ትላለች።»

«አንተስ ምን አሰብክ?»

«ውዱ ይሻለኛል ብዬ ነበር።»

ሊላዋቲ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሱማናዳሳም ሳቀ። የሚያልፉ ባለጉዳዮች ዞር ብለው አዩአቸው።

«እኔም ለጠበቃዬ ‹ምን ያስቸኩልሃል?› እያልኩ ነው የኖርኩት» አለች። «አሁን ግን ዓይኔ እየከዳኝ ነው፣ ሱማና አይያ። ዛሬ መምጣትህን ያወቅሁት በሳልህ ነው። አግዳሚው ላይ ነጭ ነገር ብቻ ነው የታየኝ። ሌላ ጊዜ ብትመጣ ላላይህ እችላለሁ። ርካሿን ያዝና ጨርሰው።»

«ካለቀስ በኋላ?»

«በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚመጣ ሰው ሰለቸኝ። ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ነው የናፈቀኝ።»

ይህን ብላ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ወረደች። ክንዷን ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ የእህቷ ልጅ ከታች ሮጦ መጥቶ ቀደመው።

በማግስቱ ሱማናዳሳ ታራንጊ ዘንድ ሄዶ ገንዘቡን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «በፈለግሽው ፍጥነት ሂጂበት» አላት። ምክንያቱን አልጠየቀችውም። ቀያሹ መጣ፤ በሸንበቆና በገመድ መሬቱን ለካ፤ መስመሩ ጉድጓዱ ላይ ቢያርፍ ታራንጊ ጉድጓዱንና የእግር መንገዱን የጋራ አድርጋ አጻፈች። ናያና ሰነፍ ተማሪዋ ፈተና እንዳለፈላት ሁሉ ደስ ብሏት ኪሪባት ሠራች፤ በኮኮናት ወተት የሚቀቀለውን የደስታ ቀን ሩዝ። በመጨረሻው ቀጠሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ፈረሙ፤ የሊላዋቲን ጣት ወደ መፈረሚያው የመራላት ጠበቃዋ ነበር። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ያን ወፍራም መዝገብ በሲባጎ አስሮ በብብቱ ይዞት ሲወጣ ሱማናዳሳ በዓይኑ ሸኘው። የሚጠበቅ ቀን አልቀረለትም። ቤት ሲደርስ ምሳ አልበላም።

እገዳው ተነሳ፤ መሻገሩ ግን ቀላል አልሆነም። ሚስት የሞተችበት ሰው ባል የሞተባት ሴት ደጅ ዝም ብሎ አይሄድም። ምን ብሎ ይግባ? በቆንጨራ ሣር ማጨድ ጀመረ። ከሰዓት ከሰዓት ወደ መሬቱ ይወርዳል፤ ያጭዳል፤ ወደ ቤቷ ቀና ይላል፤ ይመለሳል። የእሱን ድርሻ ጨርሶ፣ ሳያስበው የእሷንም ድርሻ አጋመሰ።

«ያ ሣር ምን በደለህ?» የሚል ድምፅ ከሊላዋቲ በረንዳ መጣ። «ና ውጣ! ሻዩ ቀዘቀዘ።»

ያን ቀን ገባ። በሌላውም ቀን ገባ። ብዙ አያወሩም፤ ያወሩትም ተራ ነገር ነበር፤ የጨው ዋጋ፣ የጉልበት ሕመም፣ የሞቱ ጎረቤቶች። አንድ ጊዜ ግን ስለ ተራራው አገር ነገረችው፤ ዝናቡ እንደማያባራ፣ ባሏ ክፉ እንዳልነበረ፣ ባሕር እየናፈቃት ዛጎል በጆሮዋ ትይዝ እንደነበር።

«እኔ እኮ እዚያ ከተማ ነድቻለሁ» አለ ሱማናዳሳ ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተክሎ። «ማንም የማይፈልገው መስመር ነበር። ገደሉ ያስፈራል። እኔ ለምኜ ገባሁበት። ዓመት ሙሉ በገበያው በኩል አለፍኩ።»

ሊላዋቲ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «በስንት ሰዓት?»

«ጧት ጧት።»

«እኔ ገበያ የምወጣው ከሰዓት ነበር» አለች።

ነፋሱ የኮኮናቱን ቅጠል ሲያንኳኳ ይሰማል። ከዚያ እሷ በዳበሳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አግኝታ ቀዳችለት፤ ትንሽ ፈሰሰ፤ እሱም እንዳላየ ሆነ።

ዝናቡ ሳይገባ ኮሎምቦ የሚኖረው የሊላዋቲ ልጅ በመኪና መጣ። ዓይኗን ሊያሳክም ነው፤ ከዚያም ብቻዋን አይተዋትም፤ እሱ ዘንድ ትቀመጣለች። ደግ ልጅ ነው፤ ማንም ልጅ እንዲህ ቢያደርግ ይመሰገናል። ሱማናዳሳ ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ መኪናው አደረሰ። ልጇ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት። ሊላዋቲ በመስኮቱ በኩል እጇን አወጣች፤ የት እንደቆመ በትክክል ስላላወቀች እጇ ወደ ሌላ ወገን ተዘረጋ። እሱ ሄዶ እጇ በተዘረጋበት በኩል ቆመ። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እጅግ ረዘሙ። ዝናብ ዘነበ። ናያና አባቷ ምግብ እየተወ መሆኑን አየች፤ ጠየቀችው፤ «ዕድሜ ነው» አላት። አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ፤ እሷ አንስታ ሰማችና በግርምት ለአባቷ ዘረጋችለት። «ታታ፣ ከኮሎምቦ ነው።»

«ሀሎ!» ብሎ ጮኸ ሱማናዳሳ።

«አትጩህብኝ። የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው» አለች ሊላዋቲ። የአንደኛው ዓይኗ ፋሻ ተፈትቷል፤ ታያለች። ያሉት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት የታጠበ ልብስ ብቻ ነው፤ ባሕሩ ቅርብ ነው ይሏታል እንጂ ሽታው እንኳ አይደርሳትም። የልጇ ሚስት ጥሩ ልጅ ናት፤ ወጡን ግን በርበሬ አታስገባበትም።

«መቼ ትመጫለሽ?»

«አይለቁኝም። ዘንድሮማ አይሆንም። አንተስ? ያቆምከው እኮ መንዳት ነው። መሳፈር አላቆምክም።»

ወደ ጓዳ ተመልሳ ኮኮናት መፋቅ የጀመረችው ናያና እጇን ገታች። አባቷ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልጅ ሳለች እንኳ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ሲናገር ሰማችው። ቀስ ብላ የጓዳውን በር ዘጋችለት።

«ከጣቢያው ስወርድ» ይላል ሱማናዳሳ፣ የኮሎምቦን መንገድ ለብዙ ዓመት የነዳው ሰው፣ «ወደ እናንተ ሰፈር የሚወስደው ስንት ቁጥር አውቶቡስ ነው?»